ማን ይተካዎታል ያለኝ ተመራማሪ

ለውድ ወንድሜ ለሰይፈ ሚካኤል፣

የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኔም፣ ከዚራ ሰፈር ባቋቋምኩት ቤት የምጦራቸው አረጋውያንም፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ መጥቶብኝ ነበር። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እንዴት እንደሚመሩ ያጠናል አሉ። ያጥና! የአንድ ሽማግሌ ሽንት ጨርቅ ቀይሮ የማያውቅ ሰው በእኔ አመራር ዶክተር ሊባል ነው። ያቀረብኩለትን ሻይ እንኳ ሳይቀምስ፣ «እርስዎ ባይኖሩ ማን ይተካዎታል? የመተካካት ዕቅድ አላችሁ?» አለኝ። አቦ፣ ይሄ ሁሉ ትምህርት መቼ ትሞቻለሽ ብሎ ለመጠየቅ ነው? «ይህን ቤት ያቆምኩት እንዳንተ ያለውን አማክሬ አይደለም» ብዬ ሸኘሁት።

የዘንድሮ ባጃጅ ነጂዎችም ከእሱ አይሻሉም። ማክሰኞ ከገበያ ስመለስ፣ አንዱን «ቤቴ አድርሰኝ» ብዬ መንገዱን እያሳየሁ ወሰድኩት። ደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ አቁሞ፣ «እማማ፣ እዚህ እኮ ቤት የለም» እያለ አፈጠጠብኝ። ሊያስተምረኝ! የእናታችንን ቤት ጎርፍ ከወሰደው ስንት ዘመኑ፣ እኔ ጠፍቶኝ ነው? መንገድ የማያውቅ ደንቆሮ።

ልጅህ ማርቲ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች ብለኸኝ ነበር። እስቲ ወደ እኔ ላካት። ያ ተመራማሪ ስላለ እንዳይመስልህ፤ እሱንማ ረስቼዋለሁ።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ ድንግል ሁላችሁንም ትጠብቅልኝ። ልጅቷ ግን ከክረምት በፊት ትድረስ። የትኛው ቁልፍ የየትኛው በር እንደሆነ እኔው ራሴ ላሳያት እፈልጋለሁ።

እህትህ አስካለማርያም
ከድሬ ዳዋ