ከባንዳው ጋር የቆጠርነው ዘር

ሰኞ፣ የካቲት 10

መጡ። ያውም በጠዋቱ፣ ከብቶቹ ገና ሳይሰማሩ። ሦስት ሽማግሌ ዱላቸውን ተክለው ደጄ ላይ ቆመዋል። «ኧረ ግቡ» ብላቸው «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። ወጉን ያውቁታል፤ የማያውቁት ማፈርን ነው። አንደኛው ከቡሬ ምሽግ ለጥሊያን የሚያስተረጉም፣ ሁለተኛው ከጠላ ቤት የማይጠፋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደኅና ሰው የነበሩ፣ ዛሬ እኔን ላለማየት መሬት መሬት ሲያዩ የዋሉ።

ልጄን የሺን ለማን ቢሉ፣ ለጣሰው! ለባንዳው አለቃ!

ጣሰው ትናንት በገበያ የሰው በቅሎ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ የጥሊያን ኮት ደርቦ፣ ጫማው እየጠበበው፣ እግሯን እንደታሰረች ዶሮ እየተራመደ «ጌታው» ይባላል። ጥሎሽ ብሎ የላከው አንድ ጣቃ አቡጀዲና የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ! ለሙሽራ! በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም።

«አባቷ በሌለበት ምን እላለሁ፤ ከዘመድ ልምከር» አልኩ። አባቷ ዱር ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እነሱም ያውቃሉ። አስተርጓሚው ፈገግ ብሎ «እትዬ፣ ጌታው ሠርጉን ለቅዳሜ ነው ያሰቡት፤ በሰኞው ጾም ይገባል። ሽማግሌ እንቢ ከተባለ የሚመጣው ወታደር ነው» አለኝ። ሠርግ በሳምንት! የበግ ግዢ እንኳ ከዚህ በላይ ይታሰብበታል።

የሺ እህል አልቀመሰችም።

ማክሰኞ

ለምን እንደሚጣደፍ አሁን ገባኝ። ጃንሆይ ከሱዳን በኩል ገብተዋል እየተባለ ነው፤ አውሮፕላንም ወረቀት በትኗል። ጥሊያን ሲወጣ ያ ሰውዬ የት ይገባል? የአርበኛ አማች ሆኖ ሊቆየን ነዋ! ልጄ መሸሸጊያ ጎሬው ልትሆን! እንደዚህ ያለ ብልጠት ለቀበሮ ነው የሚሰጠው።

አያ ውብነህ ዘንድ ሄድኩ። የባሌ አጎት ናቸው፤ በዚህ አገር የማን አያት ከማን እንደተወለደ እሳቸው ያልቆጠሩት የለም። ለጋብቻ የሚጠያየቅ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸውን ነው የሚያየው። አልቅሼ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና «የጣሰው አባት አገሩ የት ነበር?» አሉኝ።

«ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም።»

«የእኛም አባቶች ከዚያው ናቸው።» በጣታቸው አንድ ሁለት ቆጠሩ። «እንግዲያስ ዘመድ ነው።»

«የማን ዘመድ?»

«የልጅሽ ነዋ።»

ጮህኩባቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእድሜያቸው ጮህኩባቸው። እሳቸው ግን ተረጋግተው አስረዱኝ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ በሥጋ የሚገናኝ አይጋባም፤ በስድስተኛ ቤት ከተገናኙ የትኛውም ቄስ አያጋባቸውም፤ ባንዳም ቢሆን ዘመዱን አገባ ተብሎ መሰደቡን ይፈራል።

«ውሸት ነዋ፣ አያ?»

«ውሸትም ይሁን እውነት እኔ አላውቅ። ስድስት ቤት ወደ ኋላ ማን አብሯቸው ኖረ?»

ከዚያ ሰው ጋር በአንድ ሐረግ መጠራት! ደግነቱ ዝምድናው በባሌ በኩል ነው፤ በእኔ በኩል ቢሆን ኖሮ ስሜን እቀይር ነበር።

ረቡዕ

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ጣሰውም አብሮ መጣ። ለራሱ ልጅ ሊጠይቅ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣ ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። የነፍስ አባታችንም ነበሩ። አያ ውብነህ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ከየሺ አባት ጀምረው አባት ከአያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ከዚያ በጣሰው በኩል ወረዱ። ስድስተኛ ቤት ላይ ሲገጥሙ ቄሱ «ይህ ከሆነማ አይሆንም» አሉ።

ጣሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «በቅሎ ስጠብቅ የት ነበራችሁ? ያኔ ዘመዳችን ነህ ያለኝ አንድ ሰው አለ?» አለ።

ይህቺስ እውነት ናት። ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«የአባቴን ዘር የምታውቅ እናቴ ናት። እሷ ትምጣ። ከዋሻችሁ ይህን ቤት ከነክዳኑ አነደዋለሁ፤ ልጅቱንም ያለ ሽማግሌ እወስዳለሁ» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ራሱን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨ፤ ከቀኑ ሁሉ ደስ ያለኝ እሷ ብቻ ናት።

ሐሙስ

እናቱ መነኩሲት ናቸው፤ የቀን መንገድ ርቆ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትንሽ ጎጆ አላቸው። በቅሎ ሰዶላቸው «በባንዳ በቅሎ አልቀመጥም፤ በእግሬ እመጣለሁ» አሉ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ የሚሆን ነገር የለም። መጠበቅ ብቻ።

የሺን ፈረስ ቤት ወደሚባለው አገር፣ ወደ እህቴ ላሸሻት አሰብኩ። መንገዱን ዘግተውታል። ደግሞ እሷ ብትጠፋ ቤቱን ማንደዱ አይቀርም።

አንዲት መነኩሲት ልትዋሽልን ነው? ለዚያውም በልጇ ላይ? ምን ዓይነት ጅል ነኝ። እውነቱን ይናገራሉ፤ እኛም እናልቃለን። ሽሮ ስፈጭ ግማሹን መሬት ላይ ደፋሁት።

ዓርብ

የዛሬውን አንድ ሳላስቀር ልጻፈው።

እማሆይ መጡ። ትንሽ ናቸው፣ አቧራ የለበሱ። ጣሰው ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ አነጠፈላቸው፤ ዞር ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አያ ውብነህ እንደገና ቆጠሩ፤ ድምፃቸው ከትላንት ወዲያ የነበረው ድምፅ አልነበረም። እማሆይ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ የሺን አዩአት።

«ማን ይሉሻል፣ ልጄ?»

«የሺ፣ እማሆይ።»

«ትወጂዋለሽ?»

የሺ አንገቷን ደፋች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እማሆይ ወደ አያ ውብነህ ዞሩና «ውብነህ፣ ተሳስተሃል» አሉ።

የየሺን እጅ ያዝኩ። ጣሰው «አላልኩም!» ብሎ ተነሣ።

«ተቀመጥ» አሉት እማሆይ። ከዚያ ለአያ ውብነህ፦ «ስድስተኛ ቤት አይደለም። አንዱን ስም ሁለት ጊዜ ጠራኸው። አምስተኛ ቤት ናቸው።»

አያ ውብነህ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጣሰው «መስቀል ይዘሽ ማይ!» ብሎ በእናቱ ላይ ጮኸ። ቄሱ በድንጋጤ አማተቡ። እማሆይ ግን ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሡ «መነኩሲት አትምልም። ከፈለግህ ቆቤን አውልቀህ አስምለኝ» አሉት።

እስቲ ያውልቅ! ጥሊያን ራሱ ቢመጣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደዚያ ያለ ነገር አያደርግም።

«ደግሞ ምን ጎደለህ?» አሉት እማሆይ። «የዚህ ቤት አማች ልትሆን መጣህ፤ ዘመድ ሆነህ ትመለሳለህ። ዘመዱን የጠለፈ ግን ነገ ማንም አያስጠጋውም፤ ጥሊያንም ይዞህ አገሩ አይሄድ።»

እሱ አሰበ። ሲያስብ ውኃ የሚጠጣ በሬ ነው የሚመስለው። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ፊቱ በራ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቴን ሳመና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አክስቴ!»

እማሆይን እስከ በር ሸኘኋቸው። «እውነት ነው እንዴ፣ እማሆይ?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«የአባቱን አባት እንኳ አላየሁት» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ራት ሳያቀምሱኝ ሄዱ ብዬ ነው የምቆጨው፤ ሳላቀምሳቸው ማለቴ ነው። ጭንቅላቴ ዞሯል።

እሑድ፣ ቅበላ

ትላንት የሠርግ ቀን ነበር። እኛ ጤፍ ስናበጥር ዋልን። ተመስገን።

ዛሬ ግን ጣሰው በግ እየጎተተ መጣ። ዘመድ በቅበላ ባዶ እጁን አይመጣም አለ። ማን ጠራው? ከመደብ ላይ ተዘርፍጦ የሦስት ሰው በላ፤ ደግሞ «አክስቴ፣ ጨው አነሰው» ይለኛል። የሺን «እህቴ» ይላታል። በገበያው ሁሉ ዘመዳቸው ነኝ እያለ ሲያወራ ሰንብቷል፤ ያንን ያህል ሰው ከሰማው በኋላ ቃሉን ማጠፊያ የለውም። ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አጎቴ ከዱር ሲገቡ አንድ ቃል ትናገሪልኝ የለ?» አለኝ።

እንቢ ማለት ፈለግሁ። ምሽጉ ገና አለ፣ ጠመንጃውም ከትከሻው አልወረደ። «ዘመድ አይደለህ እንዴ» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ፣ ያ ጅል።

ነገ ጾም ይገባል፤ እስከ ፋሲካ የሚያጋባ ቄስ የለም። ጎረቤቶቼ ከወዲሁ «የጣሰው አክስት» ማለት ጀምረዋል፣ አፋቸው ይታሰር። ባሌ ከነነፍሱ ሲመለስ፣ ይመለስልኝ ብቻ፣ ይህን ሰው ከቤቱ ሰዎች ተቆጥሮ ሲያገኘው ምን እንደሚለኝ አላውቅም። መጀመሪያ ማንን እንደሚመታም አላውቅም፤ ጣሰውን ወይስ አያ ውብነህን።

የሺ ከጓዳ ሆና ሰውዬው ሲያኝክ የሚያሰማውን ድምፅ ለጓደኛዋ እያስመሰለችላት ነው። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ልቆጣቸው ተነሥቼ ነበር፤ ተውኳቸው።