ዘፈን የሌለው ፊልም

ለልጄ ለጂሬኛ፣ ከሰበታ

አካም ጂርታ ልጄ? ሰላምታዬ ካለህበት ድሬዳዋ በደህና ይድረስህ። እኔና እናትህ ገለቴ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች። እኔ የምናገረውን የሚጽፈው ተከራያችን እውነቱ ነው።

ቴሌቪዥኑን ስለገዛህልን ተባረክ። ፊልም ግን የድሮው የህንድ ነው! ሰው ሲያፈቅር ይዘፍናል፣ ሲከዳም ይዘፍናል፤ ማን መጣ ማን ሄደ ብለህ አትቸገርም፣ በድምፁ ታውቀዋለህ። የዛሬዎቹ ተፋጠው ዝም! እሱ ደግሞ ፊልም ነው? የሚያነሱትም ሁሉ በጨለማ ነው፤ መብራት ጠፍቶባቸው መሰለኝ። እናትህ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፀሐይ ላይ እኮ ናቸው!» ብላ ትስቅብኛለች። እሷ ስለ ፊልም ምን ታውቃለች!

ሐኪም ቤት እንውሰደው ብትልህም አትስማት፤ እኔ ምንም አልሆንኩም። የልጅህ ፎቶ ደርሶኛል፤ ቆንጆ ናት አሉ። ከእንግዲህ ግን ፎቶውን ተወውና ስትስቅ ድምጿን ቀርጸህ ላክልኝ።

ለፋሲካ ስትመጣ እንደ ልማድህ ደጃፍ ላይ ዝም ብለህ እንዳትቆም። ከውጭ ጀምረህ «አባ!» እያልክ ግባ፤ ልጄ መምጣቱን ጎረቤቱ ሁሉ ይስማ።

ጤናውን ይስጥህ፣ ቤትህ ይሙላ።

አውራ ጣቱን ያኖረው አባትህ ዱቤ