ወደ አሮጌው ምሽግ የወጣን ዕለት

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሸማ ተራ
ግንቦት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለክፍሎም፣

ክፍሌ፣ እንዴት ነህልኝ? ጉልበትህን አሁንም ያምሃል? እኔ ደህና ነኝ። ልጅህ ሶሊም ደህና ናት። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆናት፤ አፏን ከፈታች ወዲህ ሱቁ ደጃፍ ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ «ግቡ፣ ግቡ» ትላለች። የሱቅህ ሸሪክ ባህረዲን ረቡዕ ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ይሄዳል። ከዚህ ወደ አስመራ በቀጥታ ስለማይላክ እንደ ወትሮው እዚያ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል። ያለፉት አራት ደብዳቤዎች ካልደረሱህ ፎቶዋንም አላየህም ማለት ነው። ግንባሯ ቁርጥ ያንተ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ለፋሲካ ስለሄድንበት ነው። ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።

እማዬ «የልጅሽን ልጅነት ሳላይ ልሙት?» ብላ ላከችብኝ። ሱቁን ለጎረቤቴ ለራዲያ አደራ ሰጥቼ በስቅለት ማግስት ከአውቶቡስ ተራ ተሳፈርን። ዝዋይ ስንደርስ ወንድሜ ብሩክ በሞተር ጀልባ ሐይቁን አሻግሮ እማዬ ያለችበት ደሴት አደረሰን። እማዬ ሶሊን አቅፋ አለቀሰች፤ ሶሊ ደግሞ የእማዬን ለቅሶ አይታ አለቀሰች።

በበዓሉ ማግስት ብሩክ «ልጅቷን ይዘን ትንሿን ደሴት እናሳያት» አለኝ። ታስታውሳታለህ፤ በሠርጋችን ሳምንት የሄድንባት፣ ሰው የማይኖርባት፣ ኮረብታዋ አናት ላይ የጥንት ምሽግ ፍራሽ ያለባት። ጀልባው ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀናል። አሸብር ይባላል። የብሩክ ጓደኛ ነው፤ ዝዋይ ከተማ ያስተምራል፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ይኖራል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ብሩክን ባየው ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። ተናድጄ ልመለስ ስል ሶሊ ጀልባው ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

ዳገቱን ታውቀዋለህ። ከታች ደንገሉ፣ ከዚያ ቁልቋሉ፣ ከዚያ እግር የሚያንሸራትተው፣ ጥቁር መስታወት የመሰለው ድንጋይ። ያኔ «የሶማሌ ተራ ልጅ ሞተር እንጂ ተራራ መች ያውቃል» ብዬ ስስቅብህ እኔው ወደቅኩ፤ አንተ ነህ ጎትተህ ያነሳኸኝ። ዘንድሮ መንገዱን ሣር ውጦታል። ብሩክ «ጀልባውን ልጠብቅ» ብሎ ሆን ብሎ ቀረ። ሶሊ ግማሽ ሳንደርስ ደክሟት ቁጭ አለች። ላዝላት ነጠላዬን ስፈታ አሸብር «ቅር ካላለሽ እኔ ልያዛት» አለኝ። ትከሻው ላይ አወጣት። ፀጉሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ እየሳቀች ወጣች። አልዋሽህም ክፍሌ፣ ሳቋ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አንተ ያልሰማኸውን ሳቅ ሌላ ሰው መስማቱ አንጀቴን በላው።

የምሽጉ በር ያው ጠባቡ ነው፤ በጎን ካልሆነ አያስገባም። በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ወድቋል። ያኔ በሩ ላይ ቆመህ «እዚህ ድረስ ድንጋይ ተሸክመው የወጡት ምን ፈርተው ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር።  ዘንድሮ እዚያው ቦታ ቆሜ፣ በጦርነቱ ምክንያት ወደ አስመራ የተባረርክበት ያ የሐምሌ ጠዋት ትዝ አለኝ። «ለጥያቄ እንፈልግሃለን» ብለው ሲወስዱህ፣ ራጉኤል ተወልዶ ያደገን ሰው ወዴት ይወስዱታል ብዬ ቁርስህን ከድኜ አስቀምጬልህ ነበር።

አሸብር ሶሊን መሬት አወረዳት። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ አባ ኮዳ ቆሟል። ሶሊ የሸሚዙን ጫፍ ጎተተችና «አባዬ፣ ወፍ!» አለችው።

እኔ ላነሳት ተራመድኩ። እሱ ግን በርከክ ብሎ «አባባሽ አይደለሁም የኔ ቆንጆ፣ አሸብር ነኝ» አላት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ብሩክ ባሏ የለም ብሎ ነው የነገረኝ» አለ።

«እንዴት የለም? አስመራ ነው ያለው።»

«ይጽፍልሻል?»

«መጋቢት ላይ ጽፎልኛል።»

«የዘንድሮ መጋቢት?»

«የአምና» አልኩት።

አልተከራከረኝም። «እኔ ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ መቃብሯን አውቀዋለሁ። ያንቺ ይከብዳል» አለ።

«ባልሽ ሞቷል ያለኝ ሰው የለም። እስከዚያ ሚስቱ ነኝ» አልኩት።

«ገብቶኛል» ብሎ ሶሊን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገና ከፊቴ ቁልቁል ወረደ። ድንጋዩ በሚያንሸራትትበት ሁሉ እየቆመ ጠበቀኝ፤ እጁን ግን አልዘረጋልኝም። ጥሩ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

እማዬ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ስንሰነባበት ብቻ «ሠላሳ ሁለት ዓመት እኮ ብዙ ዕድሜ አይደለም፣ ልጄ» አለችኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤህ «ነገ ወደ ግንባር ይወስዱናል፤ ብዘገይ በእኔ የተነሳ ሕይወትሽን አታበላሺ» ብለሃል። ወረቀቱ እጥፋቱ ላይ እስኪቀደድ አንብቤዋለሁ። ብዘገይ ነው ያልከው። ብቀር አላልክም።

የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ አምስት ወር ሆነ። ባህረዲን ባለፈው ዱባይ ላይ ከአስመራ የመጡ ነጋዴዎች አግኝቶ ስላንተ ጠይቋቸው ነበር። «ምን አሉህ?» ስለው «አያውቁትም» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሶሊን ባየ ቁጥር ከረሜላ ይገዛላታል፤ እኔን ቀና ብሎ አያየኝም። ታውቀዋለህ፣ ውሸት አይችልበትም። ደግሜ አልጠየቅኩትም።

አግብተህም ከሆነ ጻፍልኝ፤ አልቀየምህም። እጅህ ተጎድቶም ከሆነ ሌላ ሰው ይጻፍልህ፤ በማላውቀው ጽሕፈት ቢመጣም አነበዋለሁ።

ደጁ ላይ ያደግክበት ራጉኤል ካለህበት አይለይህ። ብርዱንም ጥይቱንም ያርቅልህ። ልጅህን ለማቀፍ ያብቃህ።

ባለቤትህ ጤናዬ

ከዚህ በታች በእርሳስ ያለው የሶሊ እጅ ነው። እየሳቀች ስላንቀሳቀሰችው ትንሿ ጣቷ ወፍራ ወጥታለች። መዳፍህን አስቀምጥበት፤ ምን ያህል እንደሆነች ታውቀዋለህ።