ከብፌው ጀርባ የታጠፈው ፋይበር

ኅዳር 3፣ 2011። ሰኞ ማታ።

ደብተሬ፣ ዳንቴል አስመርሮኛል። ቲቪው ላይ ዳንቴል። ሶፋው ላይ ዳንቴል። ዛሬ ደግሞ የዋይፋዩ ሳጥን ላይ። ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ (ከእንግዲህ እ.በ.፣ ቀለም ይቆጥባል) ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እኔንም ታለብሰኛለች። ሳጥኑ ያለው ብፌ ውስጥ ነው። ከብርጭቆዎቹ ጋር፣ ተቆልፎበት። ሌባ እንዳያየው።

ኳስ ሳይ ኢንተርኔቱ ቆመ። ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። ሻይ አፍልቼ ስመለስም አላወረደም። ሳቅሁ። የእህቴ ልጅ ትግስት አልሳቀችም። የሕንጻ ንድፍ እዚሁ ቤት እየሠራች ነው ለመሥሪያ ቤቷ የምትልከው። ዛሬም አልሄደላትም። አለቃዋ ሁለተኛ እንዳይደገም ብሏታል። ኮዬ ፈጬ ጓደኛዋ ጋ ልግባ ትላለች፤ እዚያ አይቆራረጥም። እ.በ. ሰምታ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ኅዳር 5። ረቡዕ።

የኢንተርኔት መስመር ሠራተኛው መጣ። መስመሩን ለካ። እስከ ውጭው ግድግዳ የሚደርሰው ደህና ነው፣ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው አለ። ብፌውን እንሳበው ሲል እ.በ. በሩን አሳየችው። ሟች ባሏ ከሳሪስ በጋሪ አምጥቶ በገዛ እጁ ያቆመው ብፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም አላነቃነቀውም።

እ.በ. ስትወጣ ጠብቄ፣ ቁልፏን ፈልጌ ሳጥኑን አወጣሁና ብፌው አናት ላይ አኖርኩት። ዳንቴሉን ቆብ አድርጌ ደፋሁ። ትግስት ሳቀች። ኢንተርኔቱ ክፍሏ ድረስ ትንሽ ተሻለ። ንድፉ ግን ግማሽ ላይ ቆመ። “ጋሼ፣ ተወው በቃ። አንተ ምን ታደርግ” አለችኝ። ከስድብ ይከፋል።

ኅዳር 7። ዓርብ።

ትግስት ሄደች። ልብስ፣ ኮምፒውተር፣ ትራስ። አልጋዋን በሚቀጥለው ወር ትወስዳለች። እ.በ.ን ደውይላት አልኳት። ልጅ ለምኜ አላስቀርም አለች። ራት ላይ ሦስት ሳህን አቀረበች። አንዱን መልሳ አነሣችው። ቀልድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ኅዳር 8። ቅዳሜ።

ጠዋት ሳሎን ብገባ እ.በ. ብርጭቆዎቹን እያወጣች በጋዜጣ ትጠቀልላለች። “ቆመህ ታያለህ? ያዝ እንጂ።” ያዝኩ። ብፌው ጮኸ፣ ወገቤም ጮኸ፣ ተላቀቀ።

ከኋላው የኢንተርኔቱ ገመድ ትርፍ፣ ፋይበሩ። እንደ ክር ጥብቅ ብሎ ተጠቅልሎ፣ በዳንቴል ክር ታስሮ፣ ከጎን ተሰክቶ በብፌውና በግድግዳው መካከል ተደፍጥጧል። ለማኅበር እንግዳ ተንዘርፍፎ እንዳይታይ ብላ ነው እ.በ.። ፋይበር ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ የሚሄድበትም ብርሃን። አለቅጥ ከታጠፈ ብርሃኑ ማጠፊያው ላይ ይፈስሳል። ለቲቪውም ለትግስትም የሚደርሰው ጠብታው ነበር።

እ.በ. ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ልጄን ያባረርኳት እኔ ነኛ አለች።
አይጥ ነው አልኩ።
አይጥ ክር አያስርም አለች።
የአቃቂ አይጥ ያስራል አልኳት። ዓይኗን በዳንቴሉ ጠረገች፣ ሳቀችም።

ሠራተኛውን ለምኜ አመጣሁት። ገመዱን ለውጦ እንደ ሰፌድ ሰፋ አድርጎ አዞረው። ብፌው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ቆመ። ስንዝሩን የለካችው እ.በ. ራሷ ናት።

ኅዳር 9። እሑድ፣ ከሰዓት።

የዛሬው ተጫዋች እግሩን አንሥቶ አወረደ። ኳሷን ወደ ሰማይ ላካት። ግድ የለኝም፣ ወርዷል። ለትግስት እንዳልነግራት እ.በ. አስምላኛለች። ፈቅዳ ከመጣች ትምጣ እንጂ በዋይፋይ አልጠራትም ብላ።

በር ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ትግስት ናት! ከኋላዋ ፒክአፕ ከነሾፌሩ። አልጋውን ልትወስድ። ወር አላለችም ነበር?

ኮምፒውተሯ ትከሻዋ ላይ ነው። እ.በ. ጓዳ ገብታ ተደብቃለች። ሮጬ የአልጋውን ብሎኖች ፈትቼ ኪሴ ከትቻለሁ፤ ያለ እነሱ የትም አይቆምም። ሾፌሩን ሻይ እጋብዘዋለሁ። ብሎኑ ጠፋ እላለሁ፤ እስኪገኝ እሷ ንድፏን እዚሁ ለመላክ ትሞክር። እኔ አልተናገርኩም፣ መሐላዬም አልፈረ

መጣሁ፣ መጣሁ