የአመዳይ ጭስ

ኩታበር፣ ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለቀለሙ እንየው፤ ኮምቦልቻ።

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና እናትህ ሥርጉት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ለጣሊያን ማስተርጎም ከጀመርክ ወዲህ ስምህ በቤቴ እንዳይነሳ ብዬ ዓመት ከመንፈቅ አልጻፍኩልህም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ ቂሜን ታቅፌ ተቀመጥኩ። እናትህ ስትጸልይ ስምህን ቀስ ብላ ታነሳለች፤ የማልሰማ መስዬ አልፋታለሁ። ዛሬ ብዕር ሳነሳ ብታየኝ የታረቅን መስሏት ደስ ብሏታል። ምን እንደምጽፍ አልነገርኳትም።

ዘንድሮ የወረደብንን ዓይነት ውርጭ በዕድሜዬ አላየሁም። ከኅዳር ፲፯ ጀምሮ ሰማዩ ጥርት፣ ነፋሱ ቀጥ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚከተል አንተም ታውቃለህ። ጠዋት ስንነሳ የላሞቹ ጀርባ በአመዳይ ነጭ ነው። በገንዳ ያደረውን ውሃ በዘነዘና ሰብረን ነው ጥጆቹን ያጠጣናቸው። ግልገሎች በየበረቱ ደርቀው ተገኙ። የታች ሰፈር ሰዎች ገብስ የፈላ ውሃ እንደተደፋበት በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ቀረ። የእኛ ባቄላ ዘግይቶ ስለተዘራ ገና እሸት ነበር፤ የዓመት ቀለባችንም እሱ ብቻ ነው።

አመዳይን በጭስ መከላከልን እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። በማሳው ራስ ላይ ኩበትና እርጥብ ገለባ ትከምርና ትለኩሳለህ፤ ነበልባል እንዳያወጣ እያፈንክ ጭሱን ቁልቁል ትለቀዋለህ። ጭሱ በባቄላው ላይ እስከተኛ ድረስ አመዳይ አይጎዳውም። ታዲያ ፀሐይ እስክትወጣ ማቋረጥ የለም፤ አመዳይ የሚከፋው ሊነጋ ሲል ነው።

አሁን ግን አዋጅ አለ። ጀንበር ከገባች በኋላ ከቤት ውጭ እሳት ያነደደ ለሽፍታ ምልክት እንደሰጠ ይቆጠራል ተብሏል። በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ገለባውን ስከምር ጎረቤታችን ጀማሉዲን ወደ እኔ ወጣ። ማሳው ከእኛ በታች ስለሆነ ጭሱ ሁልጊዜ ለሁለታችንም ነው።

«መሪጌታ፣ ዘንድሮስ ይቅርብን» አለኝ። «ባቄላው ቢሄድ አላህ ሌላ ይሰጣል። ሰው ከሄደ ግን ሄደ ነው።»

እኔም ተቆጣሁ። «እግዚአብሔር ያመጣውን ውርጭ ልፍራ ወይስ አምባው ላይ የሰፈረውን ነጭ?» አልኩት።

«እርስዎን ደግሞ ማን ይመልሳል!» ብሎ እየሳቀ ወረደ። እኔም ለኮስኩ።

ወዲያው የማኅሌቱ ደወል ተደወለ። ሳይነጋ ተመልሼ አያለሁ ብዬ ሄድኩ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ማኅሌቱ ጣመኝና እሳቱን ዘነጋሁት።

ጀማሉዲን ለሱብሒ ሶላት ሲነሳ ጭሱ መሳሳቱን አየ። ለሚስቱ ለሐዋ፣ «የመሪጌታ እሳት ሊሞት ነው፤ ያን ሁሉ ደክመው ሊነጋ ሲል ውርጩ ይበላባቸዋል» ብሏት ባናውን በኩታው ላይ ደርቦ ወጣ። የአምባው ወታደሮች ሲደርሱ መንሽ ይዞ ገለባውን ሲያፍን አገኙት። አትለኩሱ ያለው ሰው በእኔ እሳት ላይ ተያዘ።

ጩኸቱን ሰምቼ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁና ከቅጥሩ በስተጀርባ ሆኜ አየሁ። በራሱ ኩታ የፊጥኝ አሰሩት። ከቆምኩበት ብጣራ ይሰማ ነበር። «እሳቱ የእኔ ነው» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አላልኩም። ከራስ በላይ ነፋስ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ ድንጋይ ተከልዬ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ በቅኔ ማኅሌት ስቆም ድምፄ አይወጣም፤ ተማሪዎቼ ብርድ መትቶት ነው ይላሉ።

ሐዋ ስንቅ ይዛ ኮምቦልቻ ድረስ ተከተለችው። የፍርዱ ቀን ከግቢው በር ላይ ቆማ የሆነውን ሁሉ አይታለች፤ አንተም ሳታያት አልቀረህም። የነገረችኝ ትናንት ነው። ሹሙ በአንተ አፍ «ማሳው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ጀማሉዲን ቀና ብሎ አንተን አየህ። ከዚያ «ማሳውም የእኔ ነው፤ እሳቱም የእኔ ነው። ለአመዳይ ብዬ ነው» አለ። አንተም አቀርቅረህ ለሹሙ ነገርከው። ስለ አመዳዩ ያለውን አድርሰህለት እንደሆነ ሐዋ አታውቅም፤ ቋንቋውን ከየት ታምጣው። ንግግርህ ግን አጭር ነበር አለችኝ። ወዲያው ለፊታችን ሰኞ ስቅላት ተፈረደበት።

ያ ማሳ የማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ በሬ ጠምደህ አርሰህበታል። ዝም ያልከው አባትህን ለማትረፍ ነው፤ ይገባኛል። ልቆጣህ አስቤ አቃተኝ። እኔ ከቅጥር ጀርባ ያደረግሁትን አንተ ሹም ፊት ቆመህ አደረግከው እንጂ ሌላ ምን አጠፋህ? ግን ንዳድ የጣለህ ጊዜ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያን ሁሉ ዳገት በጀርባው ተሸክሞ ያወጣህ ጀማሉዲን ነው። ያን ቀን ምንም አላወቅህም፤ ሰውነትህ ይነድ ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እግሩ ደምቶ ነበር።

ባቄላው ዳነ። የሰፈሩ አዝመራ ሁሉ ጠቁሮ የእኛና የእሱ ማሳ ብቻ ለምለም ሆኖ ቆሟል። ማለፍ ስላቃተኝ በሌላ መንገድ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው። ትናንት ሐዋ ከእሸቱ ቀቅላ በሳህን ይዛልኝ መጣች። «ይቅመሱ እንጂ አባባ፣ የጾም ነው» አለችኝ። እሳቱን የለኮስኩት እኔ መሆኔን ታውቃለች፤ አንዲት የወቀሳ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ እፍኝ አፌ ከትቼ እንደ ሕፃን በፊቷ አለቀስኩ። «አያልቅሱ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

የአላህ ውሳኔ አይደለም፤ የእኔ ነው።

ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ስንቅ ይዛ ስትወርድ የምታደርስልህ እሷ ናት። ማንበብ አትችልም፤ እባክህ እሷ ፊት አታንብበው። እኔ ዓርብ ደሴ ሆጤ አድሬ ቅዳሜ ማለዳ ኮምቦልቻ እደርሳለሁ። እስከዚያ ለእናትህ የሚበቃ እንጨት ልፍለጥላት፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ልጄን ላየው ነው ብያታለሁ። ይህስ ውሸት አይደለም።

ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ፊታቸው ስቆም አፌ አንተ ነህ። እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ፤ ማሳው የእኔ ነው፤ ጀማሉዲን ጎረቤቱን ሊረዳ ነው የወጣው እላለሁ። ይህንኑ ንገርልኝ። አዝነህልኝ «ሽማግሌ ነው፣ ናላው ዞሯል» ብለህ እንዳትመልሰኝ። ካደረግከው አላውቅብህም፤ ምን እንዳልክ የምሰማበት ጆሮ የለኝም። ጀማሉዲንን ላይለቁት ይችላሉ፤ ሁለታችንንም ይሰቅሉን ይሆናል። ቢሆንም ብቻውን አይሄድም።

በአንተ ላይ የተናገርኩትን ክፉ ቃል ሁሉ አንስቻለሁ፤ እግዚአብሔርም ያንሳልህ። ከቁር ከሐሩር ይጠብቅህ። ወልደህ ሳም፤ የወለድከው የማያፍርብህ ያድርግህ። እናትህን አደራ፤ ብትቆጣህም ታገሣት፣ ቶሎ ይበርድላታል።

ደግሞም አባቴ ነው አትበላቸው። እንጀራህን ያሳጡሃል፤ አንተንም ይጠረጥሩሃል። ቅዳሜ ስገባ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ እየኝ። ጉልበቴን ለመሳም እንዳትጎነበስ።

አባትህ
መሪጌታ እንየው