የብርቄ ዓይን እብጠት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9፤ ጠዋት 1፡00

የፊት ውበት ማስኩን ከአከራያችን ፍሪጅ፣ ከግመል ወተቱ ጎን አወጣሁት። ትንሽ በእጄ ያዝኩት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ፊት ያስደነግጣል። ከዚያ ብርቄን አስተኝቼ ለጠፍኩላት።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ አታውቂያትም። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ጓደኛዬ ናት። ከወልድያ፣ ከአንድ ሰፈር ወጥተን፣ አብረን ነው ሐርጌሳ የገባነው። እሷ እዚሁ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ ዋሄን ገበያ አጠገብ፣ በአሠሪዬ በሆዳን የውበት ሳሎን። ከዚህ በኋላ ብ. እላታለሁ፤ እጄ ሰነፍ ነው።

ዓይኗ ሥር አብጧል። ሦስተኛ ቀኑ። የአሠሪዎቼ መረቅ ጨው በዛበት አለች። እሺ። ከአፍንጫ ወደ ጆሮ፣ በቀለበት ጣት፣ ቀስ። 15 ደቂቃ። አትናገሪ አልኳት። ድሮ ማስክ ለጥፋ ዝም ማለት ሞቷ ነበር። ዛሬ ዝም አለች።

ወልድያ ዛሬም ስልክ የለም። ጦርነቱ ከገባ ወዲህ የእማዬን ድምፅ አልሰማሁም። በየጠዋቱ እደውላለሁ። ያቺ የቴሌ ሴትዮ ብቻ ናት የምትመልስልኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

አልቻልኩም። ልሄድ ነው። ሻንጣ ተዘጋጅቷል። በቶጎ ውጫሌ፣ ጅግጅጋ፣ ከዚያ እግሬ እስካደረሰኝ። እማዬን በሕይወት ልያት፣ ሌላ አልፈልግም። ሆዳን ተቆጣች። ድሬዳዋ ስላደገች ቁጣዋም በአማርኛ ነው። ተይኝ አልኳት።

ከሰዓት፣ 10፡00። ደብተሬ! እማዬ ደህና ናት! ብ. እየሮጠች መጣች። ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የገባው የእኔው የአጎት ልጅ፣ ስንታየሁ፣ ለእሷ ደውሎላታል። እማዬና ወንድሜ ካሳ ገጠር ዘመድ ቤት ተጠግተዋል፤ ያያቸው ሰው አለ። ለምን ለእኔ አልደወለም? መስመርሽ እምቢ አለው አለች። ይሁን። አንገቷን አንቄ ሳምኳት። አብረን አለቀስን። ሻንጣዬን ራሷ ፈታችልኝ፣ ቀሚሶቼን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

የሠርግ ሰሞን። ሳሎኑ ሞልቷል። ወገቤ የለም።

ለአንቺ እንኳ ልኩራ፤ እብጠት አይቼ ምክንያቱን እናገራለሁ። የጨው እብጠት ጠዋት ያስፈራል፣ ቀትር ላይ የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከሥሩ ይጠቁራል። ያለቀሰ ሰው ሽፋሽፍቱ ጠርዝ ላይ ይቀላል። እብጠቱን ማስክ ቢያወርደውም ቅላቱ ይውላል።

የብ. ጠርዙ ቀይ ነው።

ነገርኳት። ወንድ ነው አልኳት፤ ያ ጠዋት ጠዋት የሚያደርስሽ የባጃጅ ሹፌር ነው ያስለቀሰሽ? እየሳቅኩ። ፎጣውን ፊቷ ላይ ጣለች። አፈረች ብዬ የበለጠ ሳቅኩ። ከዚያ አሳዘነችኝና የአረንጓዴ ሻዩን ማስክ ከፈትኩላት፤ ውዱን፣ ሆዳን ለሙሽሮች ብቻ የምትለውን።

ሐሙስ፣ ኅዳር 2

ደክሞኛል፤ ደስ ብሎኛል። የዛሬዋ ሙሽራ ፊቷ አብጦ ነው የነቃችው። በሁለት ማስክና በቀዘቀዘ ማንኪያ አወረድኩት። ቤተሰቧ አንለቅሽም አሉ። ሂና ቀቢዋ እጄን ይዛ እስከ ክርኔ አበባ ሣለችብኝ። እስክስታ አሳየኋቸው፤ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እማዬ ብታየኝ!

ብ. ምን እንደነካት እንጃ። ጠዋት ሂና እንዳትቀቢ፣ እባክሽ ዛሬን ብቻ ብላ ለመነችኝ። ምቀኛ አልኳት። ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ አንድ ማዳበሪያ ዳቦ አስጭና ከከተማው ዳር አያሃ ሰፈር ሄደች፤ ለአገራችን የቀን ሠራተኞች ልታድል። የምን ድግስ ነው? ስለት ነበረብኝ አለች። ስትመለስ ዓይን የላትም፣ እብጠት ብቻ። በዚሁ ሂና በተቀባ እጄ ማስክ ለጠፍኩላት።

እሑድ፣ ኅዳር 5

ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ጋሽ ታደሰ፤ ግንበኛው፣ እዚህ ያለን ሁሉ እንደ አባት የምናየው ሰው። ለሥራ በርበራ አልነበረም እንዴ? ከኋላው አራት ሰው። ማንም እንደምን አደርሽ አላለኝም።

ዞሬ ብ.ን አየሁ። ለብሳ ጨርሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች።

እማዬ። መስከረም 23።

መጻፍ አልችልም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 7

ቆጠርኩ። ከመስከረም 23 እስከ ኅዳር 2፣ አርባ ቀን። በእናቴ አርባ ሂና ተቀባሁ። በእናቴ አርባ ጨፈርኩ። ዳቦው ስለት አልነበረም።

መርዶ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ቅርብ ላለ ሰው ይነገራል፣ ሽማግሌ ይጠበቃል፣ ንጋት ላይ ይረዳል። አውቃለሁ። እኔም ለሌላ ሰው ደብቄ አውቃለሁ። ብ. ጋሽ ታደሰ ከበርበራ እስኪመለስ ጠበቅኩ አለች። እሺ፣ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። ሞታለች ብሎ ስንታየሁ ነግሯት፣ ደህና ናት ብላ ማውራትስ? ሻንጣሽን አየሁ፣ ወደ እሳት ልትገቢ ነበር፣ ምን ላድርግ አለች። ካሳስ? ካሳ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም አለች። እሱም ውሸት ነበር።

ደብተሬ፣ የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ለእናቴ የተለቀሰበትን ዓይን ሳሳርፍ የከረምኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ለመደበቅ፣ በእኔ እጅ፣ በእኔ ማስክ። ጠርዙን አይቼ፣ ልቅሶ መሆኑን አውቄ፣ ስለ ባጃጅ ሹፌር ስቀልድ። ከዳችኝ።

ሂናው አይለቅም። ሎሚ፣ ጨው፣ በረኪና። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እጄን ያያል። ነጠላዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9፤ ከሰዓት

ሆዳን መጣች። እሷም አልሰማችም ነበር። ኢና ሊላሂ ብላ አለቀሰች። በእኛ ሞት በሰዓቱ ይነገራል፣ በዕለቱ ይቀበራል አለች፤ ግራ ገብቷት ብ.ን አየቻት። ማስክ ትታልኝ ሄደች፤ እብጠቴ ሲጎድል ቅዳሜ እንድገባ። ብ. እኔ ልለጥፍልሽ አለች። እጇን መለስኩት። ቅዳሜ እንዳበጥኩ እገባለሁ። ሰው ይየው።

9፡30 ላይ ለስንታየሁ ደወልኩ። የካሳ ወሬ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ለእኔ፣ በእኔ ስልክ፣ በሰማህበት ሰዓት አልኩት። እንዲህ አይደረግም፣ ነውር ነው አለ። በእማዬ አጥንት አስማልኩት። ማለ። ብ. ጥግ ተቀምጣ ትሰማለች። እኔ እኮ ልሸከምልሽ ብዬ ነው አለች። ማን ተሸከሚልኝ አለሽ፣ የእኔ ነው አልኳት። አለቀሰች። ዛሬ ዓይኗን አላሳረፍኩላትም።

11፡20። ስልኬ እየጠራ ነው። ስንታየሁ። ካወራን ሁለት ሰዓት አልሞላም። ብ. ተነስታ እጇን ዘርግታለች፤ ስጪኝ፣ እኔ ላንሳው ትላለች። ፈራሁ፣ ደብተሬ። ልሰጣት ከጀለኝ። ግን አልሰጣትም። እኔው ነኝ የማነሳው። እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።