በወይዘሮ ፔርላ ዱማላጋን ዕረፍትና በ1976 ዝላያቸው ልኬት ላይ ከሊንታዋን አትሌቲክስ ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

የርዝመት ዝላይ ሻምፒዮን፣ አሠልጣኝና የማኅበራችን የክብር አባል የነበሩት ወይዘሮ ፔርላ ዱማላጋን ፓሎማር ሰኞ ጁን 3 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ማለዳ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን ይህን ለአባላቱ፣ ለሠልጣኞቹና ለከተማው ሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው።

መግለጫው ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው የወይዘሮ ፔርላ የአገልግሎት ታሪክ ነው። ሁለተኛው ማኅበሩ አርባ ስምንት ዓመት ያዘገየው እርማት ነው። ቤተሰቡ እርማቱ ከቀብሩ በፊት እንዲነገር ጠይቋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

ወይዘሮ ፔርላ ማርች 12 ቀን 1957 በሊንታዋን የጨው ማምረቻ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ቴርሶ ዱማላጋን የባሕር ውኃ በፀሐይ አድርቀው ጨው የሚያወጡ ሠራተኛ ነበሩ። በጨው መደቦቹ መካከል ያሉትን የውኃ ቦዮች በዝላይ እየተሻገሩ ለአባታቸው ምሳ ማድረስ የወይዘሮ ፔርላ የልጅነት ሥራ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች «ፔርሊ፣ ድልድዩ የተሠራው ለዶሮዎቹ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸው እንደነበር የዕድሜ እኩዮቻቸው ያስታውሳሉ።

1973። በክፍለ ሀገር ተማሪዎች ውድድር በባዶ እግራቸው ዘለው አንደኛ ወጡ። ባለ ሹል ብረት የዝላይ ጫማ አውሷቸው የነበረው ትምህርት ቤት ጫማው ሳይነካ ሲመለስለት ምክንያቱን ጠየቀ፤ እሳቸውም ጫማው የሌላ ሰው እግር ለምዷል ብለው መለሱ።

1976። ወደ ማኒላ ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ለመሄድ ስድስት ሜትር መዝለል ያስፈልግ ነበር። ሜይ 8 በከተማችን ሜዳ በተደረገው ማጣሪያ ወይዘሮ ፔርላ ከአሥራ አንድ ዘላዮች አንደኛ ቢወጡም አምስት ሜትር ከዘጠና አራት ተብሎ ተመዘገበላቸው። በስድስት ሳንቲም ቀሩ። ዝርዝሩ ከዚህ በታች ነው።

1976–1978። በዓሣ ማድረቂያ ሠሩ። ልምምድ ለአንድ ዓመት ያህል አቆሙ። በኖቬምበር 1977 አባታቸው ዐረፉ።

1978። በስድስት ሜትር ከአሥራ አንድ የአገር ሻምፒዮን ሆኑ፤ የብሔራዊ ቡድኑንም ማሊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሱ።

1979 እና 1981። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ውድድር ሁለት ጊዜ ወርቅ አመጡ። የሁለተኛው ዝላይ ስድስት ሜትር ከሠላሳ አንድ ሲሆን የአገሪቱ ክብረ ወሰን ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። በዚያ ቀን ሁለት ዝላዮቻቸው ተበላሽተው ሦስተኛው ብቻ ቀርቷቸው ነበር። አሠልጣኛቸው ከመነሻው ጣውላ ራቅ ብለው በጥንቃቄ እንዲነሱ ቢለምኗቸውም፣ በጥንቃቄ የሚዘለው ኩሬ ነው ብለው መንደርደሪያቸውን ሳያሳጥሩ ሄዱ።

1986–2015። ከውድድር ከወጡ በኋላ በከተማችን ትምህርት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት አሠለጠኑ። ዘጠኝ ተማሪዎቻቸው ለአገር ተሰልፈዋል። አሸዋውን ማንም እንዲያስተካክልላቸው አይፈቅዱም ነበር። ጣውላው ጋ ሲደርሱ የሚያመነቱ ሴት ሠልጣኞችን «አሸዋው አይነክስሽም፣ የኔ ልጅ፤ የሚነክስሽ እኔ ነኝ» ይሏቸው ነበር።

አሁን ወደ ሜይ 8 ቀን 1976 እንመለስ።

ማኅበሩ በዚያን ጊዜ የነበረው የብረት ሜትር አንድ ብቻ ነው። ከባሕሩ የሚመጣው አየር ብረት ስለሚበላ የሜትሩ የመጀመሪያዎቹ አሥር ሳንቲሞች ዝገው ወድቀው ነበር። አዲስ ሜትር ቢጠየቅም አልመጣም። ስለዚህ መለካት የሚጀመረው ከአሥረኛው ሳንቲም ሆነ። ለኪው ያነበበውን እንዳለ ይጠራል፤ መዝጋቢዋ የተጠራውን በእርሳስ ትጽፍና አሥር ቀንሳ የተጣራውን በቀለም ታሰፍራለች። በዚህ አሠራር አንድ ዓመት ሙሉ ስሕተት አልተፈጠረም።

በዚያ ቀን የተለመዱት ለኪ ታመው ቀሩ። የተተኩት መምህር ሂላሪዮ ሱማጋይሳይ ጠንቃቃ ሰው ነበሩ። መዝጋቢዋ ባለቤታቸው አውሬልያ ሱማጋይሳይ ነበረች። የዛሬዋ የማኅበሩ ጸሐፊና የዚህ መግለጫ አዘጋጅም እሷው ናት። መምህር ሂላሪዮ ሥራ ለማቅለል ብለው አሥሩን ሳንቲም በልባቸው ቀንሰው ጠሩ። መዝጋቢዋ ይህን ሳታውቅ ደግማ ቀነሰች። የሁሉም ዘላዮች ልኬት እኩል ስላጠረ የደረጃ ቅደም ተከተሉ አልተዛባም፤ ማንም አልተጠራጠረም። የተጎዱት ስድስት ሜትር ያለፉት አንዷ ዘላይ ብቻ ናቸው።

ከአራት ቀን በኋላ መምህር ሂላሪዮ ቤታቸው ምሳ ላይ ስለ ውድድሩ ሲያወሩ ለባለቤታቸው እንዲህ አሏት፦

«ሥራሽን አቅልዬልሽ ነበር እኮ። አሥሯን ራሴ እየቀነስኩ ነው የጠራሁልሽ።»

መዝጋቢዋ ስሕተቱን የዚያኑ ሰዓት አወቀች፤ ነገረቻቸውም። የማኒላው የስም ዝርዝር ሊዘጋ አምስት ቀን ነበረው። ማኅበሩ በአንድ ቴሌግራም ሊያስተካክለው ይችል ነበር። መምህር ሂላሪዮ በማስተማር ሥራቸው ላይ የሚመጣውን ፈሩ፤ መዝጋቢዋ ለሳቸው ፈራች። ተማክረው ዝም አሉ። ዝርዝሩም ተዘጋ።

በዚህ ዝምታ የጠፋውን ማኅበሩ በትክክል መናገር ይፈልጋል። ወይዘሮ ፔርላ ቆይተው አሸንፈዋል፤ ብሔራዊ ቡድን ገብተዋል፤ ወርቅም አምጥተዋል። ይህን ሁሉ ያደረጉት በራሳቸው ጉልበት ስለሆነ ጉዳቱን የሚያቃልል አይደለም። አቶ ቴርሶ ግን ልጃቸውን በአገራቸው ማሊያ ሳያዩ ሞተዋል። ይህ በወረቀት አይታረምም።

መምህር ሂላሪዮ በ2009 ዐረፉ። በ2011 ጸሐፊዋ ወደ ልምምድ ሜዳው ሄዳ፣ አሸዋ ሲያስተካክሉ ላገኘቻቸው ለወይዘሮ ፔርላ ነገሩን ተናገረች። የሰጡት መልስ በእማኝነት እዚህ ይስፈር፦

«እትዬ አውሬልያ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ሰው ሲበተን በእግሬ ለክቼዋለሁ። ከስድስት እንደሚያልፍ አውቅ ነበር።»

ታዲያ ለምን እንዳልተናገሩ ጸሐፊዋ ጠየቀቻቸው።

«ለማን? ወረቀቱ የእናንተ ነው። እግሬን ማን ይሰማዋል?» ቀጥለውም «በሉ እንግዲህ፣ ጻፉት» ብለው ወደ አሸዋቸው ተመለሱ።

አልተጻፈም። ጸሐፊዋ ጉዳዩን ለአሥራ ሦስት ዓመት ለኮሚቴው አላቀረበችም። ወይዘሮ ፔርላም ደግመው አልጠየቋትም፤ በየስብሰባው ግን አጠገቧ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል።

ማክሰኞ ጁን 4 የማኅበሩ ተወካዮች፣ በክብር አባል ሬሳ ሣጥን ላይ የሚነጠፈውን የማኅበሩን ባንዲራ ይዘው ለቅሶ ቤቱ ሄዱ። ጎረቤቶች በአንድ ወገን ጸሎት፣ በሌላ ወገን ካርታ ይዘው በተራ አስከሬኑን እየጠበቁ ነበር። የሟች ልጅ ወይዘሮ ዴሊያ ፓሎማር ተወካዮቹን በአክብሮት ተቀብለው የሩዝ ኬክ አቀረቡ፤ ባንዲራውን ግን አልተቀበሉም። ለጸሐፊዋም ሰው ሁሉ እየሰማ እንዲህ አሏት፦

«እትዬ አውሬልያ፣ እናቴ አንድም ቀን አልወቀሰችዎትም። እኔም ለቅሶ ቤት አልጣላም። ግን ስድስት ከዜሮ አራት የዘለለችውን ሴት አምስት ከዘጠና አራት በሚላት ማኅበር ባንዲራ አላለብሳትም። መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ።»

ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው በዛሬው ዕለት ጁን 6 ተሰብስቦ የ1976ቱን የመስክ ወረቀት መርምሯል። በእርሳስ የተጻፈው 6.04፣ በቀለም የተጻፈው 5.94 ዛሬም ይነበባል። በዚያ ቀን የዘለሉ፣ በሕይወት ያሉ ሁለት ተወዳዳሪዎችም ቀርበው፣ ልኬታቸው በዚያ ሰሞን ከለመዱት አሥር ሳንቲም ገደማ አጥሮ እንደነበር ገልጸዋል። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ የሚከተለውን ወስኗል።

የወይዘሮ ፔርላ ዱማላጋን የሜይ 8 ቀን 1976 ዝላይ ስድስት ሜትር ከአራት ሳንቲም ነው። የሌሎቹ የአሥሩ ዘላዮች ልኬትም በአሥር ሳንቲም ከፍ ብሎ ተስተካክሏል። የማጣሪያው ውጤት ወረቀት ያላችሁ ትምህርት ቤቶችና ግለሰቦች እንድታርሙት እንጠይቃለን። ወይዘሮ ፔርላ በዚያ ዓመት ለማኒላ ምርጫ ብቁ እንደነበሩና የቀሩት በማኅበሩ ጥፋት እንደሆነ በማኅበሩ መዝገብ ይሰፍራል። ጸሐፊዋ ከኃላፊነት ለመነሣት ያቀረበችውን ጥያቄ ኮሚቴው ከቀብሩ በኋላ ይመለከተዋል።

ውሳኔው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለቤተሰቡ ተነብቦላቸዋል። ወይዘሮ ዴሊያ ወረቀቱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ ባንዲራውን በእጃቸው ወስደው በእናታቸው ላይ አንጥፈዋል። አንድ ነገርም ጨምረው ጠይቀዋል፤ ማኅበሩም በደስታ ተቀብሏል።

የቀብሩ ሥነ ሥርዓት ቅዳሜ ጁን 8 ይፈጸማል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ቅዳሴ በኋላ አስከሬኑ ወደ መካነ መቃብሩ ሲሄድ በከተማው ሜዳ፣ በዝላይ መንደርደሪያው ጫፍ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። አባላት በማኅበሩ ማሊያ፣ ሠልጣኞች በትምህርት ቤታቸው ልብስ እንዲገኙ እናሳስባለን።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለአቶ አንሴልሞ ፓሎማር፣ ለልጃቸው ለወይዘሮ ዴሊያ፣ ለወንድሞቻቸውና ለእኅቶቻቸው፣ ላሠለጠኗቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። በደላችንን አውቀን ይቅርታ እንጠይቃለን። በሊንታዋን የተወለደች፣ በጨው ቦይ ላይ መዝለል የጀመረች ሴት የአገሯ ምርጥ እንደነበረች ግን ያለ አንዳች ማመንታት እንናገራለን።

ወይዘሮ ዴሊያ በጠየቁት መሠረት፣ ቅዳሜ በሜዳው ዳኛው ዝላይ መጽደቁን የሚያሳየውን ነጩን ባንዲራ ያነሣሉ። ልኬቱን ጮክ ብለው የሚጠሩት እሳቸው ወይዘሮ ዴሊያ ናቸው። መዝጋቢዋም የሰማችውን እንዳለ ትጽፋለች።

አውሬልያ ሱማጋይሳይ
ጸሐፊ፣ የሊንታዋን አትሌቲክስ ማኅበር
ጁን 6 ቀን 2024